በወንፊት ያለፉት

ሱሮባላ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬው ወርዳ የዓሣ ጫጩቶቿን የምታሳድግበትን መረብ ጠርዝ ስታነሳ መጀመሪያ ያየችው ሁለት የሞቱ ጫጩቶችን ነበር። አንደኛው ሌላውን ከራሱ ጀምሮ እስከ ወገቡ ውጦታል። ከዚያ በላይ አልገባለትም፤ መትፋትም አልቻለም። ሁለቱም ታንቀው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ተንሳፍፈዋል። የተዋጠው ጭራ ከዋጩ አፍ ወጥቶ እንደ ምላስ ይወዛወዛል።

በመዳፏ አነሳቻቸው። ከአውራ ጣቷ ጥፍር ብዙም አይበልጡም።

“ደረሰ” አለች።

ባሏ ኖኒጎፓል በሕይወት ሳለ ይህን ቀን ነበር የሚጠብቀው። ቤትኪ የሚባለው ዓሣ ጫጩት ወንዙ ከባሕር ከሚገናኝበት ተጠምዶ ወደ ኩሬ ሲገባ የሚበላው ዓይን የማያየውን ነው፤ እበት የተበጠበጠበት ውኃ አረንጓዴ ሲሆን በውስጡ የሚራባውን። ትንሽ ሲጠና ቀያዮቹን የውኃ ቁንጫዎች ያሳድዳል። ከዚያ አንድ ቀን ሰውነቱ ይጠቁራል። ጭንቅላቱን ዘቅዝቆ ጭራውን ሰቅሎ ይቆማል። ቁንጫዎቹ በአፉ ሥር ቢያልፉም ዞር ብሎ አያያቸውም። አፉ ሰፍቷልና እግር ያለው፣ የሚዘል፣ የሚሸሽ ነገር ይፈልጋል፤ ከባሕር ሙላት ጋር የሚገባውን ጥቃቅን ሽሪምፕ። ያን ያጣ እንደሆነ አጠገቡ የሚንቀሳቀሰው ወንድሙ አለ።

ያን ቀን ኖኒጎፓል ዶማውን ተሸክሞ ክትሩ ላይ ይወጣል። ኩሬውን ከወንዙ የሚለየውን አፈር በክንድ ስፋት ይቆርጠዋል። ትልልቅ ዓሣ እንዳይገባ የቀርከሃ አጥር ይተክልበታል። ሙላቱ ሽሪምፑን ይዞ ሲገባ ከአጥሩ ሥር በቅርጫት እየቀዳ ጫጩቶቹ ላይ ይደፋል። ሥራው ይኸው ነበር።

ዛሬ ግን ዶማ አይነሳም። በዝናቡ ወር መግቢያ ምድር እንደ ሴት ደሟ የሚመጣባት ሦስት ቀን አለ። በእነዚህ ቀናት አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ ችካል አይተከልም። ባል የሞተባት ሴት ደግሞ እሳት የነካው አትቀምስም፤ ፍሬና የተዘፈዘፈ ማሾ እየበላች ትቆያለች። ሱሮባላ የመበለት ነጭ ሳሪ ከለበሰች ወዲህ ይህን አጓድላ አታውቅም።

የጫጩቶቹ አፍ የሚሰፋው ምድር ከደሟ ከተነሳች በኋላ ነው ብላ ነበር። በኖኒጎፓል ዘመን ሁሌም እንደዚያ ነበር። ዘንድሮ ሙቀቱ ከረረ፣ ዝናቡ ዘገየ፣ ኩሬው ለብ ብሎ ከረመ። በሞቀ ውኃ ውስጥ ያለ ጫጩት ይቸኩላል። እሷ የቀን መቁጠሪያውን አየች እንጂ እጇን ውኃው ውስጥ ከትታ አልዳሰሰችም።

ኩሬው የመንደሩ ነው። ኖኒጎፓል ሲሞት ሽማግሌዎቹ “አንዲት ሴት ምን ታደርግበታለች?” ብለው ነበር። ታራክ የሚባለው የሸርጣን ነጋዴ ኩሬውን ለእኔ ስጡኝ አለ፤ ለሸርጣን የሚሆነው ጨው ውኃ ነውና ክትሩን ለዘለቄታው ከፍቶ ወንዙን ሊያስገባበት ነው። የሱሮባላ ጎጆ የቆመው በኩሬው ዳር ላይ ነው። ጨው ከገባ ቅሉም ላሟም የሚጠጣውም ውኃ የለም። ለምና ለምና ያገኘችው ፍርድ ይህ ነው፤ ምድር በተነሳችበት ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጥተው መረቡን ያወጣሉ፤ ዓሣ ካለ ኩሬው የእሷ ነው፤ ከሌለ ያኑ ዕለት የታራክ ዶማ ያርፍበታል።

ጫጩቶቹን እንደገና አየቻቸው። ጠቁረው፣ ተዘቅዝቀው፣ አንዱ የሌላውን ጎን እያየ ቆመዋል። 

የባሏን ታናሽ ወንድም ጆቲንን ከቤቱ ታዛ ሥር ተቀምጦ ገመድ ሲያከር አገኘችው። ሥራ የሌለበት ቀን ስለሆነ ደስ ብሎታል።

“እትዬ፣ በጠዋቱ ምን እግር ጣለሽ? ማንጎ አልቆብሽ ነው?”

“ጫጩቶቹ መበላላት ጀመሩ።”

“አይ!”

“ክትሩን ቁረጥልኝ። አንድ ክንድ ብቻ።”

ጆቲን ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ገመዱን አስቀመጠ።

“ዛሬ?”

“ዛሬ። ሙላቱ በጨረቃዋ ከፍ ብሏል፤ እስከ ክትሩ ትከሻ ደርሷል። ሽሪምፑ እዚያው ከአፈሩ ወዲያ ነው፣ ጆቲን። ሲዘል ይሰማኛል።”

“ሌላ ነገር ጠይቂኝ፣ እትዬ። ከፈለግሽ ጥርሴን ንቀይው።”

“ጥርስህን ምን ላድርገው?”

“እኔም ምድርን ምን ብዬ ልውጋት?” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ያ የደቡብ ሰፈር ሰውዬ በእነዚህ ቀናት ችካል ተከለ። ክትሩ የት ተሰበረ? ችካሉ ሥር።”

“የሰበረው አውሎ ነፋሱ ነው።”

“አውሎ ነፋሱ ሌላውን ቦታ ለምን አልሰበረውም?”

 ሱሮባላም የምታምነው ይህንኑ ነው።

የጆቲን ሚስት ኬቶኪ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ኖሯል። “ጉድ እኮ ነው!” አለች። “ለራሷ ሆድ እሳት የነካው አይገባም። ለዓሣዋ ሆድ ሲሆን ምድርን ታስወጋ!”

“ተይ አንቺ” አለ ጆቲን።

“ምን ተይ ትለኛለህ? ውኃው ሲገባ የሚወስደው የእኔን ልጆች ነው።”

ሱሮባላ ሳሪዋን በራሷ ላይ ስባ ተመለሰች።

ምራቷ ሚኖቲ እሳት አንድዳ ጠበቀቻት። የሱሮባላ ልጅ ሹሺል ጡብ ማቃጠያ ውስጥ ሊሠራ ከሄደ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሚኖቲ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሆዷ ገና መታየቱ ነው።

“እማዬ፣ እንቁላል ቀቅዬ አስኳሉን ልፈርፍርላቸው? አንቺ እሳት አትነኪም፣ እኔ እነካለሁ።”

“ሞክሪ።”

ሚኖቲ ቢጫውን አድቅቃ መረቡ ላይ በተነችው። ፍርፋሪው እየዞረ ሰመጠ። አንድ ጫጩት ተጠግቶ አየው፣ ዞረና አጠገቡ ያለውን ጭራ ነከሰ።

“የሞተ አይበሉም” አለች ሱሮባላ። “የሚሸሽ ነው የሚፈልጉት።”

“ታዲያ እኔ ልሽሽላቸው?” አለች ሚኖቲ፤ ከዚያ በቀልዷ አፈረች።

ወንዙ ውስጥ መረብ መጎተት መቆፈር አይደለም። ሱሮባላ የድሮ አጎበሯን በሁለት ቀርከሃ ላይ ወጥራ፣ የሳሪዋን ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጥራ እስከ ደረቷ ገባች። የሙሉ ጨረቃ ውኃ ነው፤ ይገፋል። ሌላ ጊዜ አምስት ስድስት ሴቶች ጎን ለጎን ሆነው ነበር የሚጎትቱት። በእነዚህ ቀናት ማንም አይወርድም። ብቻዋን ወደ ላይ ጎተተች፣ ወደ ታች ጎተተች። ከማንጎና ከማሾ ሌላ ሆዷ ውስጥ የለም፤ በየመሀሉ ዳር ወጥታ አረፈች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይዛ የወጣችው የማሰሮ ሩብ የማይሞላ ሽሪምፕ ነበር፤ እንደ ብርጭቆ የጠሩ፣ ከነጥቁር ዓይናቸው።

ስትደፋው ኩሬው ፈላ። ጫጩቶቹ ከተዘቀዘቁበት ተገልብጠው ተወረወሩ። ውኃው ላይ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ሆነ፣ የከባድ ዝናብ መጀመሪያ ይመስል። ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው አዩ። የሚኖቲ ፊት በራ።

ከዚያ ውኃው ረጋ። አልቋል። ያገኙት ትልልቆቹ ናቸው፤ ትንንሾቹ ምንም አልደረሳቸውም። የጠገቡት ሲያብጡ ያልጠገቡት ይበልጥ አንሰው ታዩ። ያነሰ ደግሞ የሌላው ምግብ ይሆናል። ሱሮባላ ይህ ሲገባት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረዳኋቸው ብላ ልዩነታቸውን አሰፋችው።

በማግስቱ ከሌሊት ጀምሮ ነፋስ ነበር። ወንዙ ቡናማ ሆኖ ይገለባበጣል። “እማዬ አትግቢ” አለቻት ሚኖቲ። ገባች። ሦስተኛውን ጉተታ ሳትጨርስ ተንሳፍፎ የመጣ ግንድ አጎበሩን ያዘው። ለመልቀቅም ላለመልቀቅም ጊዜ አልነበራትም፤ ቀርከሃው ከእጇ ተፈልቅቆ ሄደ። እሷ ራሷ ሥር ይዛ ወጣች። ዳር ላይ ተቀምጣ አጎበሩ እንደ ነጭ ሆድ አንዴ ብቅ ብሎ ሲጠፋ አየችው። ሌላ የሚጎተት መረብ የላትም። ለመዋስ የሚቀርባት ጎረቤት ኬቶኪ ናት።

ቢሆንም ሄደች።

“የእኛን? ወንዙ እንዲወስደው?” አለች ኬቶኪ። ከዚያ የራሰውን፣ ጭቃ የለበሰውን ነጭ ሳሪ ስታይ ድምፏ ረገበ። “እትዬ፣ ሞት ፈለግሽ እንዴ? ተቀመጪ። ሙዝ ልስጥሽ።”

ሙዙን በላች። መረቡን አልሰጧትም።

ስትመለስ ሚኖቲ ከጎጆው አጠገብ የለችም። ክትሩ ላይ ናት። የኖኒጎፓልን ዶማ ይዛለች።

ሱሮባላ መሮጥ ቀርቶ መራመድ ያቅታት ነበር፤ አሁን ሮጠች።

“ሚኖቲ!”

“አትምጪብኝ፣ እማዬ!”

“አስቀምጪው!”

“አላስቀምጥም! እኔ አላምንበትም። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን። ሹሺል ሲመጣ ሸርጣን ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያገኘን? ይህን ልጅ የት ልወልደው ነው?”

ዶማውን አነሳች። ሱሮባላ እጀታውን ያዘች። ሁለቱም ጎተቱ፤ ሁለቱም አንሸራተታቸው። ምራትየዋ ተንበርክካ ቀረች፣ ዶማው ከአማትየዋ እጅ ገባ።

ሱሮባላ ዶማውን ይዛ ቆመች። በግራዋ ወንዙ ከክትሩ ጫፍ ስንዝር ብቻ ቀርቶታል። ከአፈሩ ወዲያ ሽሪምፑ ሲዘል ውኃው ላይ ጭረት ጭረት ይላል። በቀኟ ኩሬው ዝቅ ብሎ ጠቁሯል። አንዴ ብቻ መምታት ነው። ባሏ ስንት ጊዜ መቶታል። እሷም ትችላለች፤ ክንዷ ዶማውን ያውቀዋል።

አነሳችው።

እግሯ ሥር ያለው አፈር ራሰ። ዝቅ ብላ አየች። ክትሩ ከሌሊቱ ነፋስና ከሙላቱ ጠጥቶ ላብ ይመስል በጎኑ ይንጠባጠባል። ተረከዟ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰምጧል። ምድር ደሟ ላይ ናት የሚሉት እዚህ ጋ እውነት ይሁን አይሁን፣ አንድ ጊዜ የተቆረጠ እንደሆነ የሚቆመው በአንድ ክንድ እንዳልሆነ አየች። ከኩሬው በታች የኬቶኪ ቤት ነው። ሦስቱ ልጆቿ በራፉ ላይ ጠጠር ይጫወታሉ።

ዶማውን በቀስታ አወረደችው።

“ኃጢአቱ በእኔ ይሁን ብትይም ውኃው አይሰማሽም” አለች። “ነይ ውረጂ።”

ሚኖቲ እዚያው ጭቃው ላይ ሆና አለቀሰች። ሱሮባላ አላባበለቻትም። ወደ ጎጆው ገብታ ከጣራው ሥር የተሰካውን የባሏን ወንፊት አወረደች።

ከቀርከሃ ስንጣቂ የተሠራ ጎድጓዳ ወንፊት ነው። ኖኒጎፓል ጫጩቶቹን በእሱ ይለያቸው ነበር፤ ትንንሾቹ በቀዳዳው ያልፋሉ፣ ትልልቆቹ ይቀራሉ። ለየብቻ መረብ ውስጥ ሲያስቀምጣቸው ትልቁ ትንሹን አያገኘውም። ትንንሾቹን ለማዳን የተሠራ ነገር ነው።

መረቡን በመካከል በገመድ አስራ ለሁለት ከፈለችው። ወንፊቱን ውኃ ውስጥ አጥልቃ ጫጩቶቹን ቀዳች፣ ወዘወዘች። ትንንሾቹ በቀዳዳው ወርደው ከሥሩ በያዘችው ሳህን ውስጥ ገቡ። የቀሩትን ወደ አንዱ ክፍል ለቀቀች። ደግማ ቀዳች። ሚኖቲ ዓይኗን እየጠረገች መጥታ አጠገቧ ቆመች።

“ለየሻቸው። ጎሽ፣ እማዬ! አሁን አይነካኩም።”

“አይነካኩም። ግን የሚበሉት የለም። ነገና ከነገ ወዲያ ሁሉም ያልቃሉ፤ ትልቁም ትንሹም።”

“ታዲያ?”

ሱሮባላ ሳህኑን አየች። ትንንሾቹ አንድ ላይ ተጠጋግተው ይዞራሉ። ጎናቸው ከመክሳቱ የተነሳ አከርካሪያቸው ይታያል። ከጠገቡ እነሱም ያድጉ ነበር። ጥፋታቸው አንድ ቀን ዘግይተው መፈልፈላቸው ነው፤ ወይ የመጀመሪያው ማሰሮ ሲደፋ በሌላው ጥግ መገኘታቸው።

“የሚሸሽ ይፈልጋሉ” አለች።

ሚኖቲ ገባት። ወደ ኋላ ሸሸች።

“እማዬ፣ አይሆንም።”

“ግቢ ወደ ቤት።”

“በወንዝ ዳር በስንት ፀሐይ ተቃጥለሽ ያወጣሻቸው ናቸው! አንድ በአንድ!”

“እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ግቢ አልኩሽ።”

ምራቷ ሆዷን ይዛ ገባች። ሱሮባላ ሳህኑን በትልልቆቹ ላይ አዘነበለች።

መጀመሪያ ትንንሾቹ አልሸሹም። ሰፊ ውኃ ያገኙ መስሏቸው ተበተኑ። ከዚያ ኩሬው እንደ ትናንቱ ፈላ። ዓይኗን አልከደነችም። ማን እንደበላ፣ ማን እንዳልበላ ማየት አለባት፤ ያልበላው ቀጥሎ ወደ ትንንሾቹ ወገን ይሄዳልና።

እንዲህ አድርጋ መገበቻቸው፤ ያን ዕለት አመሻሹ ላይ፣ በማግስቱም ጠዋትና ከሰዓት። በየጊዜው እንደገና በወንፊቱ ትለያቸዋለች፤ በየጊዜው በቀዳዳው የሚያልፈው ያንሳል። አንዱ ግን ቀዳዳው ላይ ተሰንቅሮ ቀረ። ራሱ አልፏል፣ ወገቡ አላለፈም። ወደ ታች ብትገፋው ሲሳይ ነው፤ ወደ ላይ ብታወጣው በላተኛ ነው። በጥፍሯ ይዛው ብዙ ቆየች። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ፀሐዩ ክፉ ነው፤ ቶሎ መወሰን ነበረባት። ወደ ላይ አወጣችው። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ አታውቅም። ከእሱ በፊት ስንቱን ወደ ታች እንደገፋች አስታወሰች።

ከዚያ በኋላ ሚኖቲ ማንጎ ስታቀርብላት አልበላችም።

ምድር በተነሳችበት ጠዋት ሽማግሌዎቹ መጡ። ከፊት ድዋሪክ ነበር፤ ዱላ የሚይዝ፣ ጆሮው የደከመ፣ ወጣት ሳለ ከኖኒጎፓል አባት ጋር ዓሣ ያጠመደ ሽማግሌ። ታራክ ከኋላ ዶማ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሏል።

“እስቲ አውጡት” አለ ድዋሪክ።

ጆቲንና ሌላ ጎረቤት መረቡን ከሁለት ወገን አነሱ። ውኃው ሲወርድ ከመረቡ እምብርት ላይ ቀሩ። እያንዳንዳቸው የጣት አንጓ ያክላሉ። ብር መስለው ያብለጨልጫሉ፤ ጥቁረታቸው ጠፍቷል። ጆቲን በደስታ “ኧረ!” ሲል ሰምታለች። ግን ጥቂት ናቸው። የመረቡ እምብርት እንኳ አልሞላም።

ታራክ ጎንበስ ብሎ አየ። “ይሄ ለኩሬ ነው ወይስ ለድስት?” አለ። “ደግሞ እሷ መበለት ናት፣ ዓሣ አትበላም። ለማን ነው የምታሳድገው?”

አንዱ ሁለቱ ሳቁ።

“ዝም በሉ” አለ ድዋሪክ። ተንበርክኮ ጣቱን ውኃው ውስጥ ከተተ። አንዱ ቤትኪ ተወርውሮ ነከሰው። ሽማግሌው ጣቱን አውጥቶ ተመለከተው፣ ከዚያ ሱሮባላን።

“ልጄ፣ በዚህ ሰሞን እንዲህ አይወፍሩም። ክትሩን ቆርጠሻል?”

“ሄደው ይዩት፣ አባባ። ጭረት የለበትም።”

“ሽሪምፕ ከየት አገኘሽ ታዲያ?”

“አላገኘሁም።”

“የቀሩትስ? በወንዙ ዳር ስትጎትቺ ከርመሽ የለ? ብዙ ነበሩ ሲሉ ሰምቻለሁ።”

ሱሮባላ በእጇ መረቡን አመለከተች። “እዚሁ ናቸው፣ አባባ። በእነዚህ ውስጥ ናቸው።”

ሽማግሌው ስላልሰማ ጆቲን በጆሮው ደገመለት። ድዋሪክ ጣቱን በልብሱ ጠረገ። ኬቶኪ ልጇን ከመረቡ አጠገብ ስባ አራቀች።

“ዓሣ ካለ ተባለ እንጂ ስንት ዓሣ ካለ አልተባለም” አለ ድዋሪክ በመጨረሻ። “ይህን ክረምት ኩሬው የእሷ ነው። ከዚያ ወዲያ እናያለን።”

ታራክ ምድር ላይ ምራቁን ተፋ። “እስከዚያ ከቆዩ ነው” አለና ሰዎቹን ይዞ ሄደ።

ጆቲን ዓይኗን ሳያይ ዶማውን አነሳ። ክትሩ ላይ ወጣ። ሙላቱ ዝቅ ብሏልና አሁን አያስፈራም፤ ሰፋ አድርጎ፣ በጥንቃቄ ቆረጠ፣ አጥሩን ተከለ። ውኃው በቀስታ ገባ። ከአጥሩ ሥር በቅርጫት የተቀዳው ሽሪምፕ ሕያው ነበር፤ ይዘላል።

“ይኸው፣ እትዬ። ይኸው፣ የፈለግሽውን ያህል።”

መረቡ ላይ ደፋው። ሁሉም ጎንበስ አሉ።

ቤትኪዎቹ ዞር ብለው አዩ። አንዱ አንድ ሽሪምፕ ጎረሰ፣ ተፋው። ሽሪምፑ በመካከላቸው እየዘለለ ወዲያ ወዲህ አለ፤ የነካው የለም። እነሱ ጎናቸውን እያዞሩ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ጆቲን ግራ ገብቶት ቅርጫቱን አየ። “ጠግበው ነው እንዴ?”

“አይደለም” አለች ሱሮባላ። “አልፈውታል። አሁን የሚፈልጉት ዓሣ ነው።”

ሚኖቲ በጎጆው በር ብቅ አለች። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአማቷ የነደደ እሳት ጭሱ በጣራው ላይ ይወጣል።

“እማዬ፣ ሩዙ በስሏል። ነይ፣ ይበርድብሻል።”

“የፓርሼ ጫጩት ከሙላቱ ጋር መቼ ይገባል?” ብላ ጆቲንን ጠየቀችው።

“ትንንሹ ዓሣ? ነገ። ወይ ከነገ ወዲያ። ነፋሱ ከረዳ።”

ሱሮባላ ቤትኪዎቹን አየች። አንደኛው፣ ከሁሉም አነስ የሚለው፣ ወደ መረቡ ጥግ ሸሽቷል። ወገቡ ላይ የወንፊቱ ቀርከሃ የተወው ጠባሳ አለ።

ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ ወንፊቱን ከሣሩ ላይ አነሳች።

“እማዬ!”

“ብዪ አንቺ” አለች ሱሮባላ። “እኔ እነዚህን ለይቼ እመጣለሁ።”